ያጠበቅሁት ዳዶ

በደርግ ጊዜ ሆሳዕና ውስጥ የአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌር ነበርኩ። ገና ሃያ አራት ዓመቴ ነው። መንጃ ፈቃዴን አዲስ አበባ ተምሬ ያወጣሁ፣ በመናኸሪያው በኩል ሳልፍ የሚያውቀኝ ሁሉ እጁን እንዲያነሣልኝ የምፈልግ ጎረምሳ ነበርኩ። የምነዳው ፒክአፕ የመንግሥት ይሁን እንጂ እኔ "መኪናዬ" ነበር የምለው።

አንድ ቀን ከጃጁራ ስመለስ ከፊት በግራ ጎማ በኩል የሚያጉረመርም ድምፅ ሰማሁ። ስፈጥን ይጨምራል፤ ወደ ቀኝ ስጠመዘዝ ደግሞ ይብስበታል። ግቢ እንደገባሁ ለመካኒካችን ነገርኳቸው።

መካኒኩ ሃምሳን ያለፉ፣ ዝምተኛ የሀዲያ ሰው ነበሩ። "ጋሼ" ነበር የምላቸው። እጃቸው የማይፈታው ብረት አልነበረም፤ አማርኛው ግን ይቸግራቸዋል። "እሱ" እና "እሷ" ይምታቱባቸዋል። ሻይ ቤት ስንቀመጥ አነጋገራቸውን እየቀዳሁ ጓደኞቼን አስቅ ነበር። ዛሬ ይህን ስጽፍ እንኳ ፊቴ ይግላል።

ጎማውን በእጃቸው አዙረው ጆሯቸውን አስጠጉና "ኩሽኔታ ነው፤ በልቷል" አሉ። ጎማውን የሚያሽከረክረው አዲሱ ኩሽኔታ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ብዙ ቀን ጠበቅን። እንደመጣ መኪናዋን በክሪክ አነሡ፤ ጎማውን አወለቁ፤ ፍሬኑን ፈትተው ጎማው የሚታሰርበትን ሞዞ ጎትተው አወጡ። አሮጌው ኩሽኔታ ላዩ ተልጦ ጉድጓድ ጉድጓድ ብሎ ነበር። ሞዞውን በናፍጣ አጠቡት። አዲሱን ኩሽኔታ መዳፋቸው ላይ ግራሶ አድርገው፣ ግራሶው በወዲያኛው በኩል ብቅ እስኪል ድረስ ቀስ እያሉ ሞሉት። ከዚያ ገጣጠሙና ጎማውን እያዞሩ ሁሉን የሚያስረውን ዳዶ አጠበቁት፤ መልሰው ደግሞ ትንሽ አላሉት። ዳዶው እንዳይዞር የሚይዘውን ኮፒሊያ፣ ያችን ቀጭን የብረት ሽቦ፣ አስገብተው አጠፏት።

ጎማውን ከላይና ከታች ይዤ ነቀነቅሁት።

"ጋሼ፣ ይሄ ይወዛወዛል እኮ!"

"ትንሽ መወዛወዝ አለበት" አሉ። "ብረት ሲሞቅ ያብጥና ክፍተቱ ይጠባል። አሁን ካጠበቅነው ይቃጠላል።"

አላመንኳቸውም። እውነቱን ለመናገር፣ ያላመንኩት በዚያ አማርኛ የተነገረ ነገር እውቀት ስላልመሰለኝ ነው። እሳቸው ለምሳ ሲወጡ የሞዞውን ክዳን ከፈትኩ፤ ኮፒሊያውን ነቀልኩ፤ ረጅሙን ቁልፍ ይዤ ዳዶውን በሙሉ ክብደቴ አጠበቅሁት። ኮፒሊያውን መልሼ አጠፍኩና ክዳኑን ዘጋሁ። ጎማው ፍንክች አላለም። ደስ አለኝ።

በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችንን ይዤ ወደ አንጋጫ ወጣሁ። ግማሽ መንገድ ሳንደርስ የሚቃጠል ነገር ሸተተኝ። ሥራ አስኪያጁንም ሸቷቸዋል።

"ምንድን ነው የሚሸተው?"

"ፍሬን ነው ጓድ፣ ቁልቁለቱ ነው" አልኩ።

ቆሜ ማየት እችል ነበር። ብቆም ግን የሠራሁት ሊታወቅ ነው፤ ስለዚህ ነዳሁ። ጠመዝማዛው ላይ የግራው ጎማ ድንገት ቀጥ አለ። መሪው ከእጄ አመለጠ፤ መኪናዋ መንገዱን አቋርጣ ቦይ ውስጥ ገባች። እኔ ግንባሬ ብቻ ተላጠ። ሥራ አስኪያጁ ግን ክንዳቸው ተሰበረ።

ጋሼ በሌላ መኪና መጥተው ቦዩ ውስጥ ተንበርክከው ጎማውን ፈቱት። ኩሽኔታው ጠቁሮ፣ ሰማያዊ መትቶ፣ ከብረቱ ጋር ተጣብቋል። ኮፒሊያዋን በጣታቸው ይዘው ብዙ አዩዋት።

"እኔ ሁለቱን እግሯን ለየብቻ ነው የማጥፈው" አሉ። "ይቺ ባንድ በኩል ነው የታጠፈችው።"

ቀና ብለው አዩኝ። እኔ መኪና የሚመጣ ይመስል ወደ መንገዱ ዞርኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ክንዳቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ጉዳዩ "አሻጥር ነው ወይስ ቸልተኝነት?" የሚል ነበር። ያኔ አሻጥር የሚለው ቃል ሰው ያስበላ ነበር። ከወደ ኋላ አንዱ ተነሥቶ "ሰውየው ጴንጤ መሆኑም ይታወቅ" አለ። ጋሼ ይጸልዩበት የነበረው ቤተ ክርስቲያን በዚያው ሰሞን ታሽጎ ነበር። ከዚያ ወዲያ የተሰብሳቢው ፊት ተለወጠ።

ጋሼ ተነሡ። ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘዋል።

"እኔ ዳዶውን እንደዚያ አላጠበቅሁም" አሉ።

"ታዲያ ማን አጠበቀው?"

ዞረው አዩኝ። እኔ የጫማዬን ክር እያየሁ ነበር።

"አላውቅም" አሉና ተቀመጡ።

ጉዳዩ ለፖሊስ ይተላለፍ ተባለ። የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል ክፍሉ በሙሉ እጁን አወጣ። እኔም አወጣሁ።

ሁለት ወር ያህል ታሰሩ። ባለቤታቸው በየቀኑ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮና አንድ ጣሳ ይዘው በእግራቸው ወደ ጣቢያው ይሄዱ ነበር። አንድ ቀን ዝናብ መንገድ ላይ ሲመታቸው አገኘኋቸውና አልፌ መሄድ አቃተኝ። ጫንኳቸው። ሲወርዱ እጄን ይዘው መረቁኝ፤ "ልጅ ውለድ፣ እደግ" አሉኝ። መኪናዋን አዙሬ፣ ከጣቢያው እስክርቅ ነድቼ፣ ዳር ይዤ ቆምኩ። አላለቀስኩም። አለቀስኩ ብል ለራሴ ማዳላት ይሆናል። መሪውን ይዤ ተቀመጥኩ እንጂ።

ጋሼ አንድ ቀን ፍርድም ምንም ሳይሰጥ ተለቀቁ። ከሥራ ግን ተሰናብተዋል። እሑድ ከሰዓት ቤታቸው ሄድኩ። ከስተዋል። ጓሮ እንሰት ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

"ጋሼ፣ ዳዶውን ያጠበቅሁት እኔ ነኝ" አልኳቸው።

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

ትንሽ አሰቡ። አማርኛ እየፈለጉ መሰለኝ። "እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ደግሞ አንተ ራስህ ትናገራለህ ብዬ ነበር። ስብሰባው ላይ ጠበቅሁ። እዚያ ውስጥ ሆኜም ጠበቅሁ።"

አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

"አሁንስ ለሥራ አስኪያጁ ትነግረዋለህ?"

"ሰኞ ጠዋት እነግራቸዋለሁ" አልኩ። ስል ከልቤ ነበር።

ሰኞ ጠዋት የሥራ አስኪያጁን በር አንኳኳሁ። ጠረጴዛቸው ላይ ናቸው፤ የተሰበረው ክንዳቸው አሁንም በደንብ አይዘረጋም።

"እህ፣ ምን ነበር?"

አፌን ከፈትኩ። ጣቢያው ታየኝ፤ አሻጥር የሚለው ቃል ታየኝ፤ መንጃ ፈቃዴ ታየኝ።

"የናፍጣ መጠየቂያ እንዲፈርሙልኝ ነው፣ ጓድ።"

ፈረሙልኝ። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ።

ጋሼ ቤተሰባቸውን ይዘው ወደ ዱራሜ ሄዱ። እዚያ የወፍጮ ሞተር እየጠገኑ እንደሚኖሩ ሰማሁ። ወደዚያ የሚወስድ ሥራ ሲመጣ አመመኝ እያልኩ ሌላ ሾፌር አስልክ ነበር። ሥራ አስኪያጁም ተዛወሩ፤ የሚነገረው ሰው እንኳ ጠፋ።

ደርግ ሊወድቅ ትንሽ ሲቀረው የጋሼን መሞት ሰማሁና ዱራሜ ድረስ ለቅሶ ሄድኩ። መንገዱን ሁሉ ለባለቤታቸው የምናገረውን እየደጋገምኩ ነበር። ስገባ አይተውኝ ተነሡ። እጄን ይዘው ወስደው ከዘመድ መሐል አስቀመጡኝ፤ ውኃም አስመጡልኝ። ሰዉ ማን እንደሆንኩ ሲጠይቅ "ከሆሳዕና ነው፤ የሥራ ጓደኛው" አሉ። ሌላ ምንም አልጨመሩም። ጋሼ ነግረዋቸው ነበር ወይስ አልነገሯቸውም? እስከ ዛሬ አላውቅም። ውኃውን ጠጥቼ፣ ስደጋግመው የመጣሁትን ሳልናገር ተሰናበትኩ።