የመንገደኛ ቤት አይጠረግም

ከበር ኋላ የቆመ መጥረጊያ ሳይ እስከ ዛሬ «ማን መንገድ ወጣ?» ልል ይዳዳኛል። እኔ ባደግሁበት በአምበር፣ ሰው መንገድ ከወጣ ካሰበበት እስኪገባ ድረስ ቤቱ አይጠረግም። እግሩን ተከትሎ መጥረግ ሰውየውን አብሮ መጥረግ ነው ይባላል። እናቴ ይህን እንደ ጾም ነበር የምትጠብቀው። አባቴ አዲስ አበባ በሄደ ቁጥር መጥረጊያውን ከበሩ ኋላ ታቆመውና መንገዱን ትቆጥራለች፤ ረፋድ ላይ ደጀን፣ ቀትር ላይ ዓባይ በረሃ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ አዲስ አበባ። አሥራ አንድ ሲሆን «እፎይ፣ ገባልኝ» ትልና ቤቷን ትጠርጋለች።

አራተኛ ክፍል ሳለሁ አባቴ ደረቱን ታሞ ለሕክምና አዲስ አበባ ሄደ። ሳሉ ከብዶበት ስለከረመ ያን ቀን እናቴ እስከ ቀትር ከቤተ ክርስቲያን አልወጣችም። እኔ ደግሞ ጠዋት መምህራችን «ከባሕር ዳር አዲስ አበባ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም» ሲሉ ሰምቻለሁ። በአውሮፕላን ማለታቸውን ማን ልብ ብሎ! ባሕር ዳር ደግሞ ለአዲስ አበባ ከእኛ ይልቅ ሩቅ ነው፤ እንግዲያው አባቴ ገና ድሮ ገብቷል አልኩ። እናቴን ደስ ላሰኛት ብዬ ከጓዳ እስከ ደጃፍ ጥርግ አድርጌ ጥራጊውን ከአጥሩ ሥር ደፋሁት።

እናቴ ነጠላዋን እንዳጣፋች ገብታ ወለሉን ስታይ መደቡ ላይ ተቀመጠች። «ምን አደረግሽኝ ልጄ! አባትሽ ገና በረሃውን አልተሻገረም እኮ!» አልመታችኝም። ብትመታኝ ይሻለኝ ነበር። ሮጬ ወጣሁና ያንኑ ጥራጊ በእፍኜ እያፈስኩ አምጥቼ ወለሉ ላይ መልሼ በተንኩት፤ ገለባውን፣ የሽንኩርት ልጣጩን፣ አመዱን ሳይቀር። እናቴ ጥቂት አየችኝና ተነስታ አብራኝ በተነች።

ለካ አውቶቡሱ ጎማው ፈንድቶ በረሃው ውስጥ አድሮ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ከአዲስ አበባ የመጣ ጎረቤት «ደርሷል» እስኪለን ድረስ ቤታችን እንደቆሸሸ ቆየ። አባቴ ድኖ ሲመለስ ጉዴን ሰማ፤ ከዚያ ወዲያ «አንቺ ነሻ ጎማችንን ያፈነዳሽው!» እያለ ሲያሾፍብኝ ኖረ፤ ነፍሱን ይማረውና።

አሁን የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ወር በገባ ቁጥር ለስብሰባ አዲስ አበባ እበራለሁ። መምህራችን እውነታቸውን ነው፤ አንድ ሰዓት አይሞላም። የቀረበልኝን ውኃ ሳልጨርስ «ቀበቶ እሰሩ» ይባላል። ግን እንዴት እንደሚደክመኝ! አባቴ ቀኑን ሙሉ ሲንገጫገጭ ውሎም እንዲህ ይደክመው የነበረ አይመስለኝም። ከሻንጣ ወደ ስብሰባ፣ ከስብሰባ ወደ ሻንጣ። ጠዋት ነቅቼ የት እንዳደርኩ ግራ የሚገባኝ ጊዜ አለ። ሰው እንዲህ በቶሎ እየደረሰ እንዴት ጊዜ ያጣል?

ባለፈው ወር ከመነሳቴ በፊት ለእናቴ ደውዬ «ልበር ነው» አልኳት። ስደርስ ግን ስልኬን ሳልከፍት ስብሰባ ገባሁ፤ በዚያው ረሳሁት። ስወጣ ከፍቼ ደወልኩ። ገና አንዴ ሳይጠራ አነሳችው።

«ገባሽ?»

«ገባሁ እማዬ። ጠዋት እኮ ነው የገባሁት።»

«እሰይ፣ ተመስገን!»

አልተቆጣችኝም። ስልክ መዝጋት አይሆንላትም፤ እንደተከፈተ አስቀምጣው ስትሄድ ተሰማኝ። ከዚያ የመጥረጊያዋ ድምፅ መጣ። ሰዓቴን አየሁ፤ አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል።