አባቴ ያየኝ ክረምት

የሰሊጥ ሽታ አሁንም በድንገት ይመጣብኛል። በምኖርበት በዚህ የበረዶ አገር ዳቦ ቤት ገብቼ፣ ሰሊጥ የተነሰነሰበት ዳቦ ከምድጃ ሲወጣ፣ ታጭዶ ቆሞ የሚደርቀው ነዶ፣ የገዳሪፍ ጥቁር አፈር፣ ያ ነጭ ፀሐይ በአንድ ትንፋሽ ይሞሉኛል፤ ከዚያም ሳላስበው ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞራለሁ። ፊት ማዞር የቤታችን ልማድ ነበር።

ወላጆቼ ከመተማ ወገን ለአጨዳ ወደ ሱዳን ተሻግረው፣ ባሱንዳ አጠገብ ከአንድ ባለ እርሻ መሬት ጥግ ጎጆ ቀልሰው የቀሩ ሰዎች ነበሩ። እኔም እዚያው ተወለድሁ። ነፍስ ሳውቅ በአባቴ ቀኝ ዓይን ላይ ያ ነገር ነበረ። ከአፍንጫው በኩል ተነሥቶ፣ ሥሩ ሰፍቶ ጫፉ ቀጥኖ፣ ደም ሥር የሚታይበት ስስ ሥጋ እንደ ዝንብ ክንፍ ነጩን ተሻግሮ ወደ ጥቁሩ ይሄድ ነበር። ሱዳናውያን ጎረቤቶቻችን ዱፍራ ይሉታል፤ ጥፍር ማለታቸው ነው። እኛ ቤት ግን ስም አልነበረውም፤ መጥራት መቀስቀስ ይመስለን ነበር።

በወላጆቼ አገር የታመመ ዓይንን ትክ ብሎ ያየ ሰው ሕመሙን ይወስዳል ይባላል። ዓይነ ማዝ ለያዘው ሕፃን እንኳ ፊት ይዞርበታል። አባቴም ይህን ስለሚያምን፣ ሲያጎርሰኝም ሲመርቀኝም ፊቱን ወደ በሩ አድርጎ ነበር። ግራ ጉንጩን፣ የጆሮውን ጫፍ፣ የአንገቱን ስንጥቅ እንደ ሰፈሬ መንገድ አውቃቸው ነበር፤ ፊቱን ግን አላውቀውም።

በጥቅምት አጨዳው ሲጀመር የጎንደር ቆላ ሰዎች በጭነት መኪና ተጭነው ይመጡ ነበር። ሰሊጥ ከደረሰ ፋታ አይሰጥም፣ ትንሽ ከዘገዩበት ይረግፋል፤ ስለዚህ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ከንጋት እስከ ማታ ጎንብሰው ይውላሉ። እኔ ውኃ አመላላሽ ነበርሁ። ብዙዎቹ ዓይናቸው ላይ ያው ክንፍ ነበረባቸው፤ እኔ ስቀርብ አንድ በአንድ ፊታቸውን እያዞሩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጣሳውን ይቀበሉኝ ነበር። ስሜን የሚጠሩኝ፣ የሚመርቁኝ፣ የሚስቁልኝ ጀርባዎች ነበሩ።

«መኳንንት፣ ዓይንህን ጀለቢያ አለበስኸው እኮ! ልትድረው ነው?» ይለው ነበር አባቴን ጋሻው፣ የአጨዳ ጓደኛው።

«ያንተዋ ሙሽራ ቀድማ ተከናንባ የለም ወይ!» ይመልስለታል አባቴ።

ከዚያም መሳቃቸውን ሳያቋርጡ፣ አባቴ የራሱን ሻሽ ፈትቶ፣ ሳያየኝ ወደ እኔ ይወረውርና «ራስሽን ሸፍኚ የኔ እናት፣ ፀሐይ ናላ ይመታል» ይለኝ ነበር። ፀሐይ ዓይንም እንደሚመታ ከመካከላችን ያሰበ አልነበረም። እኔም ላቡ ስለሚሸተኝ ፈንጠር ስል አውልቀው ነበር።

በጋው ሲጠና አቧራ ተሸክሞ የሚመጣው ማዕበል ቀኑን ያጨልመው ነበር። ያን ጊዜ የአባቴ ዓይን ደም ይለብሳል፣ ክንፉም ያብጣል፤ እናቴ በሹክሹክታ «ነቃ» ትለኝና ታማትብ ነበር። አንድ ቀትር አባቴ በገመድ አልጋው ላይ ተኝቶ፣ ሽፋሽፍቱ በግማሽ ተከፍቶ ነበር። ጠጋ ብዬ ሳይ ክንፉ ቀልቶ፣ ረጥቦ፣ ወደ ጥቁሩ ጠርዝ ደርሶ ነበር። አባቴ ያንኮራፋል፤ ክንፉ ግን ያየኝ ነበር። በስመ አብ ብዬ ወጣሁ። ጥቁሩን የሸፈነ ዕለት አባቴ ውስጥ ተቆልፎበት፣ በእርሱ ፈንታ ያ ነገር እንደሚያየን አልተጠራጠርሁም።

ከፋሲካ በኋላ አባቴ ከሰላ ከተማ ሐኪም ቤት ሄዶ አስቆረጠውና ዓይኑን በጨርቅ አሽጎ ተመለሰ። የመጀመሪያው ዝናብ ወርዶ ጭቃው ጫማ መንጠቅ ሲጀምር ጨርቁን ፈታ።

«ነይ እስቲ» አለኝ፤ ዞረ። «ቁሚ፣ ልይሽ።»

እንደ እንግዳ ሰው አፈርሁት። ክረምቱን ሙሉ እንጀራ እየቆረሰ፣ ጣሪያ እየጠገነ፣ አንዳንዴም ሥራውን ትቶ ያየኝ ነበር። «ይሄ ቅንድብሽ ላይ ያለው ጠባሳ ከመቼ ወዲህ ነው?» ይለኛል፤ ከሕፃንነቴ አብሬው የኖርሁትን ጠባሳ።

ከዚያ አጨዳው ደረሰ፤ ፀሐዩም፣ ነፋሱም። በኅዳር ቀይ ክር የመሰለ ነገር ታየ፤ በጋው ሳያልቅ ክንፉ ከበፊቱ ወፍሮ መጣ። ጋሻው እንኳ አልቀለደም። «ቤቱን ያውቃል» አለ ብቻ። አንድ ጠዋት አባቴ አጎረሰኝ፤ ፊቱ ወደ በሩ ነበር።

ዓመታት አልፈው፣ እኔ ከዚያ ርቄ፣ እናቴም አርፋ፣ አባቴ ብቻውን ቀረ። በቪዲዮ ስንደዋወል ስልኩ ላይ የማገኘው ያንኑ ግራ ጉንጭ ነው። ባለፈው መስከረም ግን መስተዋት ፊት ቆሜ ሻሼን ሳስር፣ በቀኝ ዓይኔ፣ ከአፍንጫዬ በኩል፣ አየሁት። ትንሽ ነበር። በማግስቱ የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድሁ።

ሐኪሟ ዓይኔን በመብራት አይታ፣ ይህ የብዙ ዓመት ፀሐይ፣ ነፋስና አቧራ ሥራ መሆኑን፣ ከሰው ወደ ሰው እንደማይተላለፍ፣ ወደ ብሌኑ ካላለፈ እንደማያሰጋ፣ ቢቆረጥም ሊመለስ እንደሚችል ነገረችኝ። እኔ የፈራሁት ግን ሌላ ነበር፤ አባቴ ካየው፣ ዕድሜውን ሙሉ ፊቱን የነፈገኝ በከንቱ መሆኑን አስቦ፣ እኔ ሰጠኋት ብሎ ይሞታል። ስለዚህ ስልኩ ላይ እኔም ፊቴን አዞርሁ። ለሳምንታት ጉንጭና ጉንጭ ሆነን አወራን።

አንድ እሑድ ከቅዳሴ ስመለስ አልቻልሁም።

«አባዬ፣ የዓይንህ ነገር በማየት አይተላለፍም፤ ፀሐይ ነው። ሐኪም ነገረችኝ።»

አባቴ ጠየቀኝ፦ «ሐኪም ዘንድ ማን ታሞ ሄደ?»

ጉንጬን ይበልጥ አዞርሁ። ያን ጊዜ አባቴ ስልኩን ወደ ፊቱ አዞረ። ክንፉ የጥቁሩን እኩሌታ ሸፍኖት ነበር።

«ወደ መስኮቱ ዙሪ» አለኝ። ዞርሁ። አየው። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ የሰጠሁሽ!»

«አባዬ፣ አንተ ያየኸኝ ያን ክረምት ብቻ ነው። ያን ክረምት ዓይንህ ንጹሕ ነበር። ታዲያ ከየት አመጣሁት?»

«ሻሹን ታወልቂው ነበር፣ አይደል?» አለኝ፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ሳይለይ።

አሁን ጥቁር መነጽርና ባለ ሰፊ ጠርዝ ኮፍያ ልኬለታለሁ፤ እኔም ያለ መነጽር አልወጣም። ምክንያቱን እያወቅሁ እንኳ፣ መስተዋት ፊት ክንፉ ቀልቶ ሳየው ዛሬም አማትባለሁ። ያኔ ዓይኔ ንጹሕ ሳለ የማየው የአባቴን ጉንጭ ነበር፤ ዛሬ ክንፍ በበቀለበት ዓይን ሙሉ ፊቱን አያለሁ። እርሱም ስልኩን ከውኃ ማሰሮው ላይ አስደግፎ፣ ጠጋ ብሎ ያየኛል።