ሰሊማና የባትሪ ቤቱ ጭስ

ሰሊማ ተድራ ጂንካ ስትገባ መናኸሪያው ውስጥ የሚያድሩት መኪኖች ጥቂት ነበሩ። ባሏ አቡበከር የሞተ ባትሪ ከፍቶ፣ በውስጡ ያለውን እርሳስ አቅልጦ እንደገና የሚሠራ ሰው ነው። ከተማው እያደገ ሲሄድ ሥራውም አብሮ አደገ፤ የወይጦና የቀይ አፈር ሾፌሮች ሳይቀሩ ባትሪያቸውን እሱ ዘንድ ያመጡ ጀመር።

እሳቱ የሚነደው ከመኝታ ቤታቸው ጀርባ ነው። እርሳሱ ሲቀልጥ ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል፤ ሰሊማም የተሰጣ ልብሷን ሰብስባ በሯን ትዘጋለች። የሚበሉት ከዚያው ነውና ቅሬታ አሰምታ አታውቅም።

ሁለተኛ ልጃቸው ሐፍሳ ሦስት ዓመት ሲሞላት ሆዷን ያማት ጀመር። ምግብ አስጠላት፤ የለመደችውን ቃል እየረሳች ሄደች። ጎረቤት ቡዳ ነው አለ፤ ጤና ጣቢያ የወስፋት መድኃኒት ሰጣት። ሁሉም አልሆን ሲል አርባ ምንጭ ወሰዷት። እዚያ ያገኟት ሐኪም ልጅቷን መርምራ፣ "አባቷ ምን ይሠራል?" ብላ ጠየቀች። ደሟ አዲስ አበባ ተልኮ ሲመረመር እርሳስ ተገኘበት።

አቡበከር ለማመን ተቸገረ። ዕድሜውን ሙሉ በጭሱ ውስጥ የኖረው እሱ ምን ሆነ? ሰሊማ ግን የእጁን መዛል፣ ሆዱን ይዞ መቆራመዱን ታውቃለች።

"ወይ ይህ እሳት ይጠፋል፣ ወይ ልጆቼን ይዤ እወጣለሁ" አለችው።

እሳቱ ጠፋ። አቡበከር ባትሪ ቻርጅ ማድረግና ጎማ መለጠፍ ያዘ። የግቢውን አፈር ቆፍረው ጥግ ላይ ቀበሩትና ሲሚንቶ አፈሰሱበት።

ጭሱ ግን አጥር አያግደውም ነበር። የጎረቤታቸው የጥሩብርሃን ልጆችም እዚያው ሲጫወቱ ነው ያደጉት። አቡበከር ይከሱናል ብሎ ፈራ፤ ሰሊማ ግን ነጠላዋን ጣል አድርጋ ሄደች።

"እትዬ፣ ልጆቹን አስመርምሪያቸው። ሐፍሳን ያመማት የእኛ ጭስ ነው።"

ጥሩብርሃን ሥራዋን አቁማ ቀና አለች።

"ታውቂ ነበር?"

"አላውቅም ነበር። ካወቅሁ ገና ሳምንቴ ነው።"

ጥሩብርሃን ልጆቿን ስታስመረምር በትንሹ ልጅ ደምም እርሳስ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ጥሩብርሃን ሰሊማን መንገድ ላይ ስታገኛት ፊቷን ታዞር ነበር።

ሐፍሳ አሁን ተማሪ ናት። ማንበብ የቻለችው ከእኩዮቿ ዘግይታ ነው፤ ሒሳብ ዛሬም ይከብዳታል። ጥሩብርሃንም ከሰሊማ ጋር እንደገና ሰላም መባባል ጀምራለች፤ ቤታቸው ግን አትገባም።