የእማማ ካሳነሽ አራት ሰዓት

ከንጋቱ 12 ሰዓት፦ የውኃ መውረጃውን ወንፊት ከቅጠል ማጽዳት።
12 ሰዓት ተኩል፦ የማመንጫውን ዘይት ማየት፤ መዘውሩን በጆሮ ማዳመጥ።
1 ሰዓት፦ የቆጣሪውን ቁጥር በመዝገብ ማስፈር።
2 ሰዓት፦ በቡና ወቅት ለመፈልፈያው ኃይል መስጠት።
3 ሰዓት፦ እማማ ካሳነሽ ሲያልፉ በር ላይ መቆም። መልስ መስጠት።
9 ሰዓት፦ የጤና ጣቢያውን መስመር ለግማሽ ሰዓት መፈተሽ።
11 ሰዓት፦ ወንፊቱን እንደገና ማጽዳት።
11 ሰዓት ተኩል፦ ቤቱን መቆለፍ፤ ቁልፉን በአንገት ማሰር።

ዝርዝሩ በማመንጫው ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የጻፈው ራሱ ዘነበ ነው። ዘነበ የጪጩ ሰው፣ የእህል ወፍጮ ጠባቂ ልጅ ነው፤ የሞተርን ሕመም በጆሮ መለየት ከአባቱ ወርሷል። ከኮንጋ ማዶ፣ በወንዝ ዳር ባለ የቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውኃ የሚያሽከረክረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ማመንጫ መጠበቅ ከጀመረ ዐሥራ ሦስት ዓመት ሆኖታል። አንድ ጊዜ የጣቢያው ሥራ አስኪያጅ ዝርዝሩን ከላይ ጀምሮ ሲያነብ በአምስተኛው መስመር ላይ ጣቱን አቆመና «ይህ ደግሞ ከየትኛው መመሪያ የመጣ ነው?» ሲል ጠየቀው። ዘነበ «እርሱ ከመመሪያ አይደለም፤ ከፍርድ ነው» ብሎ ወደ ዘይቱ ተመለሰ።

እማማ ካሳነሽ በሦስት ሰዓት ያልፋሉ። ዝናብ ሲሆን የእንሰት ቅጠል በራሳቸው ላይ ደፍተው ያልፋሉ። ከበሩ ሲደርሱ ይቆሙና የዘነበን ፊት ሳይሆን ከጀርባው ያለውን የማመንጫ ቤት እያዩ ይጠይቃሉ።

«ዘነበ፣ አንተ ዘንድ ያለኝ አለ?»

«አለዎት፣ እማማ ካሳነሽ። አራት ሰዓት።»

«ደኅና ዋል።»

«ደኅና ይዋሉ።»

ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ንግግር ላይ አንድ ቃል አልተጨመረም፤ አንድ ቃልም አልተቀነሰም።

ነገሩ የጀመረው በሐምሌ፣ ጭጋግ በሞላበት አንድ ማክሰኞ ጠዋት ነበር። ከማጠቢያ ጣቢያው እስከ ጤና ጣቢያው በዐሥራ ሰባት ምሰሶ ላይ የተዘረጋ ሽቦ አለ፤ ጤና ጣቢያው ሲገነባ ግንበኞቹ ኃይል የወሰዱበት ነው። በኋላ ዋናው መስመር ሲደርስ ተቆጣጣሪዎች መጡ። የማጠቢያ ጣቢያው ፈቃድ ከአጥሩ እንደማያልፍ ተናግረው የዚህን ሽቦ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ብሬከሩን፣ አጠፉ፤ በእርሳስ ማኅተምም አሸጉት። ማኅተሙን የቆረጠ በሕግ እንደሚጠየቅ የሚገልጽ ወረቀት ከላዩ ለጠፉ።

በዚያ ማክሰኞ አዋላጇ ሲስተር ፍቅርአዲስ እስከ ጉልበቷ ጭቃ ለብሳ እየሮጠች መጣች። «ጋሽ ዘነበ፣ መብራት ሄዷል! ጄኔሬተሩም አይነሣም። የእማማ ካሳነሽ ልጅ ሮሆቦት ወልዳለች፤ የሕፃኑ ትንፋሽ ደክሟል። ለኦክስጅን ማሽኑ ኃይል ስጠኝ!»

ዘነበ ማኅተሙን አየ፤ ወረቀቱን አየ። ከዚያም ፈቃድ ለመጠየቅ ወደ ዲላ ደወለ። የመጀመሪያው ኃላፊ ስብሰባ ላይ ነበር። ሁለተኛው ስልኩን አላነሣም። ሦስተኛው «በጽሑፍ ይቅረብ» አለ። መንገዱ በናዳ ተዘግቶ ስለ ነበር አምቡላንሱ የደረሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ነው። ሕፃኑ አልጠበቀውም። በእነዚያ አራት ሰዓታት ማመንጫው ለማንም ሳይጠቅም በባዶው ሲዞር ነበር። ዘነበ ድምፁን ሰምቷል፤ እስከ ዛሬም ይሰማዋል።

በሳምንቱ ጉዳዩ ለሶንጎ፣ ለጌዴኦ ሽማግሌዎች ሸንጎ ቀረበ። ዘነበ ከዛፉ ሥር ቆሞ ምንም ሳይሸሽግ ተናገረ። «ፒንሳው በኪሴ ነበር፤ ሕጉን ፈራሁ» አለ። አንጋፋው ሽማግሌ ፈረዱ።

«እጅህን ያሰረው ሕግ ነው፤ ስለዚህ ደም አንጠይቅህም። ነገር ግን ከዚህ ቤት አራት ሰዓት ወስደሃል። የወሰድኸውን ትመልሳለህ። በገንዘብ አይሆንም፤ በከብትም አይሆንም። አራት ሰዓት በአራት ሰዓት ይመለሳል።»

«መቼ?» አለ ዘነበ።

«ቀኑ ሲመጣ ቤቱ ያውቀዋል። እስከዚያው እንዳይረሳ በየዕለቱ ይጠየቅ፤ አንተም በየዕለቱ መልስ።»

ባለፈው ዓመት አዲስ ደንብ ወጣ። ዋናው መስመር በተቋረጠ ጊዜ በአካባቢው የሚገኝ አነስተኛ ማመንጫ የሰው ሕይወት ለተንጠለጠለባቸው ተቋማት፣ በቅድሚያ ለጤና ጣቢያ፣ ቀጥሎ ለመጠጥ ውኃ፣ ከአጥሩ ውጭ ኃይል እንዲሰጥ የሚፈቅድ ነው። ዘነበ በየመስመሩ ሥር ማስመሪያ እያስጠጋ ሦስት ጊዜ አነበበው። መስመሩ በባለሙያ ተመርምሮ ካልተፈረመበት ማኅተሙ እንደማይነሣም ተጽፎ ነበር። ከዐሥራ ሰባቱ ምሰሶ ደግሞ ሦስቱን ምስጥ ጨርሷቸው ነበር። ዘነበ ለሥልጠና ዲላ በሰነበተበት ሳምንት የቀበሌው ሰዎች ተሰብስበው በሦስቱ ቦታ አዳዲስ ምሰሶ ተከሉ፤ እንደ ሌሎቹ ጥቁር እንዲሆኑም የተቃጠለ ዘይት ቀቧቸው።

ለምርመራው ከዲላ የመጣው ሠረቀብርሃን የሚባል የቢሮ ሰው ነበር። የማኅተሙን እርሳስ በጣቱ እያገላበጠ «ስድስት ዓመት ሙሉ አልተነካም? የእኛ ቢሮ ማኅደር እንኳ እንዲህ አይጠበቅም!» ብሎ ሳቀ።

«በመጠበቁ አያመስግኑኝ» አለ ዘነበ።

ሁለቱም መስመሩን ተከትለው ሄዱ። ከአዲሶቹ አንዱ በሆነው በዐሥራ አንደኛው ምሰሶ ዘነበ መዳፉን አሳረፈ። እንጨቱ እንደ እንስሳ ገላ እርጥብና ቀዝቃዛ ነበር፤ ደረቅ እንጨት እንዲህ አይደለም። ሠረቀብርሃን እስክሪብቶውን እንደ ያዘ «ይሁን?» አለው። በዚያ ሰሞን ሮሆቦት እንደገና መፀነሷ ተሰምቶ ነበር። ዘነበ ይህን አሰበና «ይሁን» አለ። ተፈረመ፤ ማኅተሙም ተቆረጠ።

ደንቡ መስመሩ በየቀኑ እንዲፈተሽ ያዝዛል። በፍተሻው ጊዜ ሲስተር ፍቅርአዲስ በጤና ጣቢያው በኩል ታጠፋለች፤ ዘነበ በዚህኛው በኩል ያበራል። የሚጠቀም ስለሌለ ቆጣሪው መቆም አለበት። በጋውን ሙሉ ቆመ። በሰኔ ጭጋጉ ሲገባ ግን የመጨረሻዋ ቁጥር ተንቀሳቀሰች።

«ሲስተር፣ በእናንተ በኩል ጠፍቷል?»

«ጠፍቷል፣ ጋሽ ዘነበ። አጠገቡ ቆሜያለሁ።»

«ሌላ የሚወስድ አለ?»

«እኔና ግድግዳው ብቻ ነን። ምነው?»

ምነው እንደሆነ እርሱም አያውቅም ነበር። ፀሐይ በወጣበት ቀን ቆጣሪው ይቆማል፤ ጭጋግ ሲወርድ ይሄዳል፤ ጭጋጉ በወፈረ መጠን ይፈጥናል። መስመሩን ሦስት ጊዜ ተመላለሰበት። ሽቦው አልተበጠሰም፤ ከሽቦው ላይ የተቀጠለ የሰው እጅ ሥራ የለም። ከራሱ በላይ የሚታየው የቡና ጥላ ዛፍ ቅጠል ብቻ ነበር፤ በዚያ አገር ደግሞ ቅጠልን ከቅጠል መለየት የማይሞከር ነው። ስለዚህ በመዝገቡ ላይ በየቀኑ አንድ ዓይነት ቃል አሰፈረ፦ «ተጠቃሚ የለም። ተወስዷል።»

ዘበኛው ኃይለኢየሱስ አንድ ቀን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ሰው የሚለውን ሰምተሃል? ያ ሕፃን ነው የሚጠጣው ይላሉ» አለው።

«አንተስ ምን ትላለህ?»

«እኔ ዘበኛ ነኝ። በበሩ ሲገባ አላየሁትም።»

ዘነበ ጸሎት ቤት የሚዘምር ሰው ነው፤ እንዲህ ያለ ወሬ አይቀበልም። ይሁን እንጂ በዘጠኝ ሰዓት፣ ጭጋጉ መስኮቱን ሲጋርደው፣ በመዘውሩ ድምፅ ውስጥ ሌላ ድምፅ ይሰማው ጀመር፤ የሚጠባ ልጅ ድምፅ። በሐምሌ መጨረሻ ደግሞ በሩ ላይ ያልታሰበ ነገር ሆነ።

«ዘነበ፣ አንተ ዘንድ ያለኝ አለ?»

«አለዎት፣ እማማ ካሳነሽ። አራት ሰዓት።»

እንደ ወትሮው አልሄዱም። «አልጎደለም?» አሉ።

«አልጎደለም» አለ፤ ዓይኑ ግን ወደ ቆጣሪው ሄደ።

በነሐሴ አጋማሽ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ዋናው መስመር ተቋረጠ። ጭጋጉ ከወንዙ ተነሥቶ ግቢውን ሞልቶት ነበር። ወዲያው ስልኩ ጮኸ።

«ጋሽ ዘነበ፣ ሮሆቦት ወልዳለች። ወንድ ነው። ትንፋሹ ግን እንደዚያኛው ነው።»

ዘነበ ብሬከሩን አበራ። በስልኩ ውስጥ የኦክስጅን ማሽኑ ሲነሣ፣ ሲጮህና ሲጠፋ ተሰማ። እንደገና ተነሣ፤ እንደገና ጠፋ።

«ጉልበት የለውም!» አለች ፍቅርአዲስ።

«ሌላውን ሁሉ አጥፊ፤ ማሽኑንም ንቀይው።»

«ነቀልሁት።»

ዘነበ ቆጣሪውን አየ። ማንም ሳይጠቀም ቁጥሩ ይሮጥ ነበር።

«ሲስተር፣ የእጅ መተንፈሻውን እየጨመቅሽ ንፊለት። የሚወስደው መንገድ ላይ ነው። እሄዳለሁ።»

ለዐሥራ ሦስት ዓመት ለማንም ያልሰጠውን ቁልፍ ከአንገቱ አውልቆ ለኃይለኢየሱስ ሰጠው። «አጥፋ ስልህ ታጠፋለህ፤ አብራ ስልህ ታበራለህ። ሌላ ምንም አትንካ።» መስመሩን እንደ በራ ተወው፤ ሌባው የሚታወቀው በድምፁ ነውና። የጥላ ዛፍ መመልመያውን፣ በረጅም ቀርከሃ ጫፍ የታሰረውን ማጭድ፣ ተሸክሞ ጭጋጉ ውስጥ ገባ።

ምሰሶዎቹን እየቆጠረ ሄደ። እስከ ዘጠነኛው ጸጥታ ነበር። በዐሥረኛው ቀጭን እንጉርጉሮ ሰማ። ወደ ዐሥራ አንደኛው ሲቀርብ ከመሬቱ ተነሥቶ በጫማው አልፎ እስከ ጉልበቱ የሚደርስ ንዝረት ተሰማው። ነፋስ ሳይኖር ከላይ ቅጠል ይንቀጠቀጣል፤ የሚንጠባጠበው ውኃ እንደ ትኩስ ብረት ይጮሃል። ከምሰሶው ጥቂት እርምጃ ርቆ የእንሰት ቅጠል የደፋ ሰው እጁን ዘርግቶ ቆሟል። እማማ ካሳነሽ ናቸው።

«አይጠጉ! እንዳይነኩት!» ብሎ ጮኸና በስልኩ «አጥፋ!» አለ።

እንጉርጉሮው ቆመ።

«እዚህ ምን ያደርጋሉ፣ እማማ?»

«ወደ ሮሆቦት ስሄድ ሲያንጎራጉር ሰማሁት። የጠራኝ መሰለኝ።»

ዘነበ ቀና አለ። ምሰሶው ቅርንጫፍ አውጥቶ ነበር። አንዱ ቅርንጫፍ ሽቦውን እንደ ክንድ አቅፎታል፤ በእርጥቡ ግንድ በኩል ኃይሉ ወደ ምድር ይወርድ ነበር።

«ይህን እንጨት ማን ሰጠ?»

«እኔ ነኝ። ምሰሶ ጎደለ ሲሉ ከቆርቼ አንዱን አስቆርጬ ሰጠሁ። ለአጥር የምንተክለው ቆርች አይደል? ተቆርጦ ቢተከልም ሥር ስለሚሰድ አይወድቅም፤ ምስጥም አይደፍረውም።»

«ከየትኛው ቆርች?»

እማማ ካሳነሽ ወደ ምሰሶው እያዩ «ከጓሮዬ» አሉ። «ያ ሕፃን ካረፈበት፣ ከራስጌው።»

ዘነበ የገዛ መዳፉን አየ። ከዚያ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አለ። «ሕያው መሆኑን እጄ አውቆ ነበር፤ አፌ ግን ይሁን አለ። ልቁረጠው?»

እማማ ካሳነሽ ፊታቸውን ወደ ጤና ጣቢያው መለሱ። «ይህ ጠጥቷል፤ ጠግቧል። ቁረጠው። ለታናሹ ይለፍ።»

ዘነበ ማጭዱን ሰደደ። ቅርንጫፎቹ አንድ በአንድ ወደቁ። ከተቆረጠው ጫፍ ውኃ ወርዶ እጁ ላይ ነጠበ፤ ለብ ያለ ነበር። ሽቦው ነፃ ሲሆን እማማ ካሳነሽን ወደ ኋላ አራቀና «አብራ!» አለ። ሰዓቱን አየ፤ 7፡20 ነበር።

ወደ ፍቅርአዲስ ደወለ። «ይሠራል» አለች። ቆየችና «ዝም በል፤ ልስማው» አለች። ከዚያም «ይተነፍሳል። ይተነፍሳል፣ ጋሽ ዘነበ» አለች።

እማማ ካሳነሽ ልጃቸውን አይተው ወደ ማጠቢያ ጣቢያው መጡ። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሩን አልፈው ገቡ፤ በማመንጫው ቤት ደፍ ላይም ተቀመጡ። ዘነበም ተመልሶ ከማመንጫው አጠገብ ቆሞ ነበር። መዘውሩ ይዞራል፤ ቆጣሪው ይቆጥራል። በመጨረሻ እማማ ካሳነሽ «ስንት ሰዓት ሆነ?» አሉ።

«11፡20።»

ተነሥተው ነጠላቸውን አጣፉና ወጡ። ዘነበ አላጠፋም፤ ዋናው መስመር እስኪመለስ፣ እስከ ምሽቱ አንድ ሰዓት፣ ማመንጫው ሠራ። ከዚያ በኋላ ለጥንቃቄ መስመሩን ብቻውን ፈተሸው። ጭጋጉ እንደ ወፈረ ነበር። ቆጣሪው አልተንቀሳቀሰም።

በማግስቱ በሦስት ሰዓት እንደ ልማዱ በሩ ላይ ቆመ። እማማ ካሳነሽ መጡ፤ ፊቱን አዩትና «ደኅና ዋል» ብለው አለፉ። ጥያቄ አልነበረም። ዘነበ ከቆርቹ ሁለት እርምጃ ርቆ ደረቅ የባሕር ዛፍ ምሰሶ እንዲተከል አዘዘ፤ ሽቦው ወደዚያ ተዛወረ፤ ቆርቹን ማንም እንዳይነካው አስታወቀ። ከዚያም ወደ ቤቱ ገብቶ፣ ማስመሪያ አስጠግቶ፣ በግድግዳው ዝርዝር አምስተኛውን መስመር ሰረዘ። በመዝገቡም ከትናንቱ ቀን ትይዩ እንዲህ ሲል ጻፈ፦

«ከ7፡20 እስከ 11፡20። አራት ሰዓት ለካሳነሽ ቤት ተመልሷል። ዕዳው በሙሉ ተከፍሏል።»