ፍልፈሉን አላወርድም

ባለፈው ሳምንት መንዝ ውስጥ ከሞላሌ ከተማ ወጣ ብሎ ካለው ረግረግ ላይ ተንበርክኬ የባቄላ ፍሬ የምታህል እንቁራሪት ፎቶ ሳነሳ፣ እንግዶች የያዘ ወጣት አስጎብኚ መኪናውን አቆመ። «እማማ፣ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹ እኮ ገደሉ ጋ ናቸው፤ እዚህ ምንም የለም» አለኝ፣ ከልቡ አዝኖልኝ። ይህቺን «ምንም» የምትል ቃል ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በወጣትነቴ ከሥራ ያስባረረችኝ እሷ ናትና።

ያኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሞላሌ በጋሽ ዘውዴ ፎቶ ቤት እሠራ ነበር። ጋሽ ዘውዴ ዝምተኛ፣ ለፊልም የሚሳሱ ሰው ነበሩ። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ ኃላፊ መጥተው ለበዓል ኤግዚቢሽን «የአገራችንን መልክ» የሚያሳዩ ፎቶዎች አዘዙ። ጋሽ ዘውዴን እግራቸውን አሟቸው ስለነበር ካሜራውን አንገቴ ላይ አጠለቁልኝና፣ «ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ፣ ገደል። በሌላ ፊልም እንዳታባክኚ» ብለው ላኩኝ።

ጭጋጉ የጓሳውን ሣር ሜዳ ውጦት ገደሉም ጭላዳውም አይታይም። ድንጋይ ላይ ተቀምጬ የገብስ ቆሎዬን ስቆረጥም ከእግሬ ሥር አፈሩ ተነቃነቀ። ፍልፈል! ጢሙ ላይ ጤዛ ይዞ፣ ጥርሱን አግጦ ብቅ አለ። ገበሬ ሲረግመው እሰማለሁ እንጂ እንዲህ ቀና ብሎ ሲያየኝ አላውቅም። አነሳሁት። ከዚያ በኋላማ እጄ መች አረፈ፤ ቁጥቋጦ ላይ የተጣበቀች እስስት፣ ከእበት ጋር የሚታገል ጢንዚዛ፣ ስመለስ ደግሞ ደጃቸው ተቀምጠው የበግ ጠጉር የሚፈትሉት የጎረቤታችን የእትዬ አስካለ ጣቶች። ፊልሙ አለቀ።

ፊልሙ ደብረ ብርሃን ታጥቦ ሲመጣ ኃላፊው ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ በተኗቸው።

«ፍልፈል? የመንዝ መልክ ፍልፈል ነው? ሰው ይሳቅብን? እዚህ ውስጥ ምንም የለም!»

ጋሽ ዘውዴ አንገታቸውን ደፍተው፣ «ልጅ ናት ጌታዬ፣ ይቅርታ ትጠይቃለች» አሉ።

«አልጠይቅም» አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

በገበያው ቀን ጋሽ ዘውዴ ሳይመጡ በፊት በፎቶ ቤቱ የውጭ ግድግዳ ላይ ሲባጎ ወጥሬ ፎቶዎቹን ሁሉ ሰቀልኳቸው። ገበያተኛው አህያውን እየጎተተ ተሰበሰበ። እትዬ አስካለ፣ «አንቺ፣ ጣቴን አንስተሽ ፊቴን የት ጣልሽው?» ሲሉ ሰዉ በሳቅ ፈረሰ። ገብስ የጫነ አንድ ገበሬ ግን ከፍልፈሉ ፊት አልነቃነቅ አለ። «ማሳዬን የሚጨርሰው ይሄ ነው? እኔ ዓይን ያለውም አይመስለኝ ነበር» አለ በቀስታ።

ኃላፊው ሰዉን እየገፉ መጡ። «አውርጂ!»

ጀርባዬን ለግድግዳው ሰጠሁ። «ፍልፈሉን አላወርድም። የኤግዚቢሽኑ አዳራሽ የእርስዎ ነው፤ ግድግዳው የጋሽ ዘውዴ ነው። እሳቸው ይዘዙኝ።»

ሁሉም ዞረ። ጋሽ ዘውዴ በከዘራቸው ተደግፈው በሩ ላይ ቆመዋል። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። በመጨረሻ፣ «ገበያው እስኪበተን ይቆይ» አሉ። ኃላፊው በመጡበት ተመልሰው ሄዱ።

ገበያው ሲበተን ጋሽ ዘውዴ ቁልፉን ተቀበሉኝ። «ነገ እንዳትመጪ ልጄ። ኃላፊው ሥራ ከከለከሉኝ ይህ ቤት ይዘጋል» አሉ፤ ፊቴን ማየት አልቻሉም። እናቴ ሽማግሌ ላኪ ብትለኝ እንቢ አልኩ። ምን አጥፍቼ?

ከዚያ አዲስ አበባ፣ ቆይቶም ናይሮቢ ሥራ ወሰደኝ። ባልደረቦቼ አንበሳ ፍለጋ ሲሄዱ እኔ አጥር ላይ የምትሳብ ቀንድ አውጣና በረንዳ ላይ ፀጉር የሚሠራሩ ሴቶችን አነሳ ነበር። እዚያም ሳቁብኝ። ሳቅ በየትኛውም አገር አንድ ዓይነት ነው፤ ይለመዳል።

በጋሽ ዘውዴ ቂም የለኝም። የሚያስተዳድሩት ቤት ነበራቸው፣ እንደዚያም ሆኖ ያን ቀን በሩ ላይ ከእኔ ጋር ቆመዋል። ኃላፊውን ግን ትክክል ነበሩ ብዬ አላውቅም፣ አልልምም። አሁን አርጅቼ ወደ አገሬ ተመልሻለሁ፤ ሐኪሙ እርጥብ መሬት ላይ አትንበርከኪ ብሎኛል። ነገ ወደ ራቤል ከተማ እሄዳለሁ። እዚያ ባለ የቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ካብ ላይ እንሽላሊቶች ፀሐይ ይሞቃሉ አሉ። መቼም ቆሞ እንሽላሊት ፎቶ ማንሳት አይቻልም።