ያልማልሁለት ሰው

ለንስሐ አባቴ ብዙ ነገር ተናዝዣለሁ። ጾም መሻሬን፣ ሰው መስደቤን፣ በወጣትነቴ የሠራሁትን ነውር ሁሉ ዘክዝኬ ነግሬያቸዋለሁ። ይህን ግን እሳቸውም አያውቁት። ሚስቴም ሳታውቀው ሞተች። የምታነበው አንተ የመጀመሪያው ሰሚ ነህ፤ ማን እንደሆንህም አላውቅም። የደፈርሁትም ለዚሁ ሳይሆን አይቀርም።

ዕድሜዬን የፈጀሁት በፖሊስነት ነው። አሁን ጡረታ ወጥቼ ደብረ ብርሃን ልጄ ቤት እኖራለሁ። ባለፈው ፋሲካ የልጄ ባል ፊልም ከፈተ። አንድ ጡረታ የወጣ ፖሊስ ብቻውን የዕፅ ነጋዴዎችን እያሳደደ ይረፈርፋል። አንዲት ጥይት እንኳ አትነካውም። «አባባ፣ ይሄን ሰውዬ እርስዎ ነዎት እንዴ ያሠለጠኑት?» አለኝና ቤቱ ሁሉ ሳቀ። ግድግዳው ላይ የምስክር ወረቀት ተሰቅሎልኛላ። በማሾ ጆንያ ተደብቆ ሲያልፍ የነበረ አንድ መኪና ሐሺሽ አንኮበር ላይ ይዣለሁ ተብሎ የተሰጠኝ ነው፤ ስለዚህ የቤቱ ጀግና እኔ ነኝ። አብሬ ሳቅሁ። ከዚያ ሽንት ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍሁና ፊልሙ እስኪያልቅ ተቀመጥሁ።

ያን መኪና እኔ አልያዝሁትም። ያስያዘው ሰይድ ነው።

ሰይድ የአሊዩ አምባ ሰው ነበር፤ ማሾና ሽንኩርት እየነገደ ልጆቹን የሚያሳድግ፣ ቀልድ የማያልቅበት ሰው። ማሾውን የሚያስቀምጠው ደምሴ በሚባል ትልቅ ነጋዴ መጋዘን ነበር። አንድ ቀን ከጆንያዎቹ ውስጥ እሱ ያላስገባው እስር እስር ነገር አገኘ። እህል የሚሸጥልኝ መስሎ ቤቴ መጣና ሁሉንም ነገረኝ። «ሳጅን፣ አማና ነው። ስሜ ካንተ አፍ ከወጣ ልጆቼን አላሳድግም» አለኝ። አማና የሚሉት እኛ አደራ የምንለውን ነው። እጁን ጨብጬ ቃል ገባሁለት። ስሙን አንድም ወረቀት ላይ አላሰፈርሁም። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ፖሊስ ነበርሁ።

መኪናው ተያዘ፣ ሾፌሩ ታሰረ። ደምሴ ግን ዕቃው የኔ አይደለም ብሎ አመለጠ።

ሦስት ሳምንት ሳይሞላ አጎቴ ሞተና አንኮበር ድንኳን ተጣለ። ቀትር ላይ ነው፤ ለቀስተኛው ጢም ብሏል። ደምሴ ነጠላውን አዘቅዝቆ ገባ፣ እንደ ወጉ አለቀሰ፣ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የምታልፍበትን መንገድ ይነግረኝ ጀመር። ከረሜላ የምትገዛበትን ሱቅ፣ አብራት የምትሄደውን ጓደኛዋን በስሟ ሳይቀር። ድምፁ ለስላሳ ነበር። ቀጠለና «ስም እጠራልሃለሁ። ያልጠቆመውን በሚካኤል ማልልኝና እተወዋለሁ» አለኝ።

ሽጉጤ ወገቤ ላይ ነበር። ሦስት ባልደረቦቼ እዚያው ድንኳን ውስጥ ንፍሮ ይበላሉ። ለምን አልተነሣሁም? ለምን አንገቱን አንቄ አልጮህሁም? ሌላው ቢቀር «ከሕግ ሰው ጋር ነው የምታወራው» ማለት እንዴት ያቅተኛል? ፈሪ ለእናቱ ይላሉ፤ እኔ ለእናቴም የማልሆን ፈሪ ሆንሁ። የሾፌሩን ረዳት ጠራልኝ፤ በሚካኤል እሱ አይደለም አልሁ። የመጋዘን ጠባቂውን ጠራልኝ፤ ማልሁ። እውነት ነበረና ምላሴን አልከበደኝም። ከዚያ «ሰይድስ?» አለኝ።

ዝም አልሁ።

አንገቴን አልነቀነቅሁም፣ ቃልም አልተነፈስሁም። እፊቴ የተቀመጠውን ንፍሮ ብቻ አየሁ። ደምሴ ትንሽ ጠበቀኝ። ትከሻዬን መታ መታ አደረገና «እግዜር ያጥናህ» ብሎኝ ወጣ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል። በኔ ዝምታ ግን ሰው ገደል ገባ። ሰይድን ላስጠነቅቀው እችል ነበር፤ ስልክ ነበረው። ደምሴ ይሰማል ብዬ ፈርቼ አልደወልሁም። በሳምንቱ ወደ አሊዩ አምባ በሚወርደው ቁልቁለት ሥር ከነአህያው ወድቆ ተገኘ። ዕለቱን ጉም ነበርና ሰዉ አዳልጦት ነው አለ። እኔ ግን ሁለቱ የእጁ አንጓዎች ላይ የገመድ ሰንበር አየሁ። ሪፖርቱን የጻፍሁትም እኔው ነኝ። ድንገተኛ አደጋ ብዬ ጻፍሁ፣ ፈረምሁበት፣ ማኅተም አስመታሁበት። ሰንበሩን አልጻፍሁም። ለለቅሶ ስወርድ ሚስቱ «እንግዲህ ወንድሙ አንተ ነህ» ብላ ትከሻዬ ላይ አለቀሰች።

እንዴት ኖርህ ብትለኝ፣ በአንዲት ምክንያት ኖርሁ። በታቦት በሐሰት አይማልም፤ ሰይድ አይደለም ብዬ ብምል ነፍሴን አጠፋ ነበር፤ ስለዚህ ዝም ያልሁት ሚካኤልን ፈርቼ ነው። ይህችን ምክንያት ታቅፌ ጾምሁ፣ ይህችን ታቅፌ ቆረብሁ። ደምሴም አለ። እሱም ደብረ ብርሃን ገብቶ፣ ሸብቶ፣ በየሰርጉ የክብር ቦታ የሚሰጠው ሰው ሆኗል። መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ቆሞ ሰላም ይለኛል። «ሳጅን፣ ልጅህ ደህና ናት?» ይለኛል። ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። የልጅ ልጆቼ ከትምህርት ቤት ትንሽ ከዘገዩ በር ላይ ወጥቼ እቆማለሁ። ቤተሰቡ እርጅና ነው ይላል።

ባለፈው ሐሙስ ሐሊማ መጣች። ሐሊማ የሰይድ የመጨረሻ ልጅ ናት፤ አሁን እዚሁ ከተማ ነርስ ሆናለች። አባቷ ጠቋሚ እንደነበረ እናቷ ገና ዘንድሮ ነው የነገረቻት። ነገሩ እንደገና ይታይልኝ ብላ ልታመለክት ተነሥታለች፤ የኔን ቃል ትፈልጋለች። እግሮቿን አጥፋ፣ እንደ ልጄ እያየችኝ ጠየቀችኝ። «ጋሼ፣ አባቴ መጠቆሙን ሌላ ያወቀ ሰው ነበር? ያን ቀንስ ገላው ላይ ያዩት ነገር አልነበረም?»

ደምሴ ታየኝ። የልጅ ልጆቼ ታዩኝ። አፌን ከፈትሁና «በሚካኤል፣ ማንም አላወቀም፤ ምንም አላየሁም፤ አዳልጦት ነው» አልኋት።

ምላሴ አልተያዘም። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም። በሐሰት መማል ይህን ያህል ቀላል ከሆነልኝ ያን ቀን ለሰይድ ለምን አልማልሁለትም? አንዲት ቃል ናት፤ አንዲት የሐሰት መሐላ ታድነው ነበር። እዚያ ድንኳን ውስጥ የፈራሁት ደምሴን ነው። መልአኩን ኋላ ነው ያመጣሁት፣ ጥፋቴን ይሸፍንልኝ ብዬ።

ሐሊማ አመነችኝ። ዕንባዋን ጠረገች፣ ተነሣችና እጄን ይዛ «አውፍ ይበሉኝ ጋሼ፣ ቁስልዎን ነካሁብዎት» አለችኝ። እሷ እኔን ይቅርታ ጠየቀች። እኔም ይቅር ይበልሽ አልኋት።

ስለዚህ አንተን ማረኝ አልልህም። በልጄ አስፈራርቶኝ ነው ብዬም አላመካኝም፤ ሰይድም ልጆች ነበሩት። ለሐሊማ ሌላ ወረቀት ጽፌ ፈርሜበታለሁ። ሰንበሩን ጽፌዋለሁ፤ የደምሴንም የኔንም ስም ጽፌዋለሁ። ነገ እሰጣታለሁ። ትናንትም ነገ ብዬ ነበር።