ሁሉን ፖዘቲቭ የሚል ምርመራ

የሸማቂ ቁስለኛ መርምረሻል ብለው ወታደሮች ከላቦራቶሪ ከነጋዋኔ ወሰዱኝ። ሐይቅ ዳር ያለ የእህል መጋዘን ውስጥ ከሴቶች ጋር አስገቡኝ። የነቀዘ ማሽላ ሽታ ያፍናል።

አጠገቤ አንዲት ዓሣ ሻጭ እናት ነበሩ፤ እማማ እንላቸዋለን። የታሰሩት ልጃቸው ጫካ ስለገባ ነው። መርማሪው "ጫካ መግባቱን የወረሰው ከደምሽ ነው" ብሏቸዋል።

"ልጄ፣ አንቺ ደም መርማሪ አይደለሽ? እውነቱን ነው?" አሉኝ።

"ቁመት፣ የዓይን ቀለም በዘር ይተላለፋል፣ እማማ። ጫካ መግባት አይተላለፍም።"

"አልሐምዱሊላህ! ግትርነቱስ?"

"እሱን እንኳ እንጃ" አልኳቸው። ሳቁ።

በማግስቱ ግቢው ውስጥ አሰለፉን። ፊቱን የሸፈነ ጠቋሚ መስኮት ውስጥ ተቀምጧል፤ ጣቱን የቀሰረባት ሴት ወደ ሩቅ ካምፕ ትጫናለች። በየተራ በፊቱ አለፍን። ሁላችንም ላይ ቀሰረ። እማማ ላይም። ክንዴን ያዙ።

"ይሄን ጠቋሚ አንድም አያመልጠውም!" አለ መርማሪው።

ደሜ ፈላ። "ሁሉን ፖዘቲቭ የሚል ምርመራማ በሽተኛ አያመልጠውም! ጤነኛውንስ ጤነኛ ይላል ወይ? እኛ አዲስ የወባ መመርመሪያ ኪት ሲመጣ መጀመሪያ ወባ እንደሌለበት በምናውቀው ደም እንሞክረዋለን። እሱንም ፖዘቲቭ ካለ ኪቱን እንጥለዋለን። እናንተ ንጹሕ ሰው የላችሁም እንዴ?"

"ዝጊ አፍሽን!" ስልኩ ጠራና ጀርባውን ሰጠን።

ይሄኔ ጠባቂያችን፣ የዚያው ከተማ ልጅ፣ የእማማን ሻርፕ ተቀብላ ደንብ ልብሷን እስኪሸፍን ተከናነበች። በመስኮቱ ፊት ቀስ ብላ አለፈች። ጠቋሚው ቀሰረባት።

መርማሪው ሲዞር ሻርፑን ገለጠች። "እኔንም ይጫኑኛ፣ አለቃ።"

ግቢው በሳቅ ተናጋ። እኔ በጥፊ ተመታሁ፤ ግራ ጆሮዬ ዛሬም ይጮሃል። ሊጭነን የመጣው መኪና ግን ባዶውን ሄደ።

ከሰዓት በኋላ የመጋዘኑ በር ተከፈተና ጠባቂዋን ቀበቶዋን አስፈትተው ወደ እኛ ገፈተሯት። ማንም ሳያዘን ብድግ አልንላት። ትልልቆቹ እናቶች ሳይቀሩ፣ እንደ ክቡር እንግዳ።

"ኧረ በአላህ፣ ተቀመጡ" አለች፣ እንባዋ እየመጣ። እማማ ከጎናቸው ቦታ ለቀቁላት።

እኛ ቀድመናት ተፈታን። እማማ ዛሬም ዓሣ ይሸጣሉ፣ እኔም ሥራዬ ላይ ነኝ። እሷን ግን ከዚያ ወዲህ ያያት የለም። የላቦራቶሪዬ በር በተንኳኳ ቁጥር፣ እሷ ከሆነች ብዬ፣ ከወንበሬ እነሳለሁ።